አንዴ የሚሉት ጊታሪስት

እሑድ ከምሳ በኋላ ነበር። ጊታሪስቱ እህቱ ቤት ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ ቴሌቪዥን ያያል። እህቱ ከጎኑ የልብስ ስፌት መኪናዋን ታንቀጫቅጫለች። ስክሪኑ ላይ አገር ያበደለት ዘፋኝ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ጠያቂዋ ወደ እሱ ዘንበል ብላ፣ «የዝነኛው ዘፈንህ መግቢያ ላይ ያለው ጊታር ስንቱን አስለቀሰ! ማነው የተጫወተው?» አለችው።

ዘፋኙ እንደማፈር ብሎ አቀረቀረ። «እኔው ነኝ» አለ። «አንድ ቀን ብቻዬን ቁጭ ብዬ፣ እንዲሁ ከጣቴ ወጣ።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ። «ይሄ ያንተ አይደለም እንዴ?» አለች እህቱ።

«የኔ ነው።»

«ታዲያ ይሄ ሰውዬ ምን ይላል?»

ካሜራው ዞሮ ፊት ለፊት የተቀመጡትን የዘፋኙን ቤተሰቦች ያሳይ ነበር። እናትየው ደረታቸውን ነፍተው ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸው የዘፋኙ ታናሽ እህት ነበረች። ሰዉ ሁሉ ሲያጨበጭብ እሷም አጨበጨበች።

ያቺን ሴት ሁለት ዓመት ሙሉ ወዷታል። ያ ጊታር ለእሷ የተመታ መሆኑን ከእሱና ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አጨበጨበች! ደሙ ፈላ። ተነስቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋ፤ ከቁጣው በታች ያለውን ሕመም ግን ለእህቱ እንኳ ሊነግራት አልቻለም።

* * *

ስቱዲዮ ውስጥ የሚጠራበት ስም «አንዴ» ነው። ሌላው ጊታሪስት አምስት ስድስት ጊዜ ተሳስቶ የሚያስቀዳውን እሱ በአንዴ ስለሚጨርሰው የወጣለት ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ግድግዳዋ በስፖንጅ በተለበጠች ክፍል ውስጥ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ የሰው ዘፈን ሲያጅብ ኖሯል። የሠርግ ዘፈን፣ የመለያየት ዘፈን፣ የሳሙና ማስታወቂያ፣ ሕፃናትን ቁጥር የሚያስቆጥር መዝሙር፣ ያልመታው የለም። ጠዋት ለከዳች ፍቅረኛ ሲያለቅስ ያረፍድና ከሰዓት በኋላ የጥርስ ሳሙና ያሞግሳል። ታክሲ ውስጥ ሬዲዮው የገዛ ጣቶቹን ያሰማዋል። ሹፌሩ መሪውን እየደበደበ፣ «ይሄ ሰውዬ ይገድላል!» ይላል። ሰውዬው ዘፋኙ ነው። አንዴ መስኮት መስኮቱን ያያል። በአልበሞቹ ላይ የዘፋኙን ፀጉር ያበጠረው ሰው ስም ሳይቀር ተጽፎ የእሱ የለም።

ድሮ ይህ አያናድደውም ነበር። «አጃቢ ጎልቶ ከታየ አበላሸ ማለት ነው» ይል ነበር፤ እንዲያውም ይኮራበት ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ቀን የዘፋኙ እህት ወንድሟ የረሳውን ስልክ ልታቀብል ስቱዲዮ መጣች። ፋርማሲስት ናት፤ የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ከስቱዲዮው ሁለት ሕንፃ ወረድ ብሎ ስለሆነ ነጭ ጋውኗን እንኳ አላወለቀችም። ከመስታወቱ ወዲያ ቆማ ስታየው ቀና አለና ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ያን ዕለት አንዴ ተሳሳተ። የድምፅ ባለሙያው ጆሮውን ባለማመን፣ «ደህና ነህ?» አለው። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ተሳሳተ። ሦስተኛው ላይ የተነገረውን ትቶ፣ እሷን እያየ፣ ማንም ያላዘዘውን መታ። ዘፋኙ ከወንበሩ ዘሎ፣ «ያንን! ያንን ያዘው!» ብሎ ጮኸ። አገር ያስለቀሰው መግቢያ የተገኘው እንደዚያ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሚገናኙት በምሳ ሰዓት፣ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ባለው ደረጃ ላይ ነበር። «መድኃኒት» ይላታል። መገናኘት ያልቻሉ ቀን ከበሽተኞቹ ኋላ ይሰለፍና የሐኪም ማዘዣ አስመስሎ ያጠፈውን ወረቀት በባንኮኒው ላይ ያቀብላታል። «በቀን ሦስቴ፣ ከምግብ በፊት አስቢኝ። ከረሳሽ መጠኑን እጥፍ አድርጊው።» እሷም ፊቷን እንደምንም ኮስተር አድርጋ፣ «ይሄ መድኃኒት አልቋል፣ ነገ ይመለሱ» ትለዋለች።

የተደበቁት በእናትየው ምክንያት ነው። እናቷ አንድ ጊዜ አንድ የባንድ ከበሮ መቺ የጎረቤታቸውን ሴት ልጅ ለጋብቻ ሲጠይቅ አይተው፣ «ልጄ ዘፋኝ ነው፤ ሰው ፊት የሚቆም ነው። ሴት ልጄን ግን ለአጃቢ አልድርም!» ብለው ሲስቁ ሰምታለች። ቢሆንም ቅሉ፣ «ቤት መጥተህ አናግራት፤ የመጣው ይምጣ» ብላ ስንቴ ለምናዋለች። እሱ፣ «ይህ አልበም ይለቅ» ይላታል።

* * *

ሰኞ በምሳ ሰዓት አንዴ ስቱዲዮ ውስጥ ብቻውን ክር ሲቀይር በሩ ተከፈተ። እሷ ናት። ደረጃውን ሮጣ ስለወጣች ጉንጯ ቀልቷል። የታሸገ ፖስታ ዘረጋችለት።

«ወንድሜ ነው የጻፈው። አንብበው!»

እሷ የምታውቀው ይህን ብቻ ነበር፤ እሑድ ዕለት ከቴሌቪዥን ጣቢያው ሲመለሱ መኪና ውስጥ ወንድሟ ላይ ጮኻበታለች። «ሲቀዳ ቆሜ ያየሁትን፣ አንተ ያልነካኸውን፣ እንዴት እኔ ነኝ ትላለህ?» ብላ አፋጥጣዋለች። እጇ ከሰዉ እጅ ጋር ሄደ እንጂ ልቧ አላጨበጨበም፤ ያጨበጨበው እጇ ራሱ አስጠልቷት ነበር። ወንድሟም ፊቷን ማየት አቅቶት፣ «አፌ ላይ መጣ። አስተካክለዋለሁ፣ ለልጁ እጽፍለታለሁ» አላት። ጠዋት ፖስታውን ሲሰጣት ይቅርታ ነው ብላ በአንድ እግሯ መጣች።

አንዴ ቀደደውና አነበበ።

«አንዴ፣ እንደምን ሰነበትክ። ሐሙስ በትልቁ አዳራሽ ልምምድ አለን፤ ቅዳሜ ዝግጅቱ ነው። በቴሌቪዥን ያልኩትን ሰምተሃል። አሁን ወደኋላ መመለስ አይቻልም፤ ሕዝቡ እኔ ስመታው ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ እኔ ጊታር ይዤ መድረክ ላይ እቆማለሁ፤ አንተ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነህ ትመታለህ። መቼም ሰው ይየኝ የምትል ሰው አይደለህም። ቤተሰቤም ሁሉ በዚህ ተስማምቷል።»

ቀና ብሎ አያት። ፊቷ በደስታ ይጠብቀዋል።

«ምን እንዳለበት ታውቂያለሽ?» አላት ቀስ ብሎ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ እንዲጽፍ ያደረግኩት።»

«አንቺ!»

«እኔ ነኛ። ምነው፣ ደስ አይልህም?»

«ደስ አይልህም ነው ያልሽኝ?» ድምፁ የራሱ አልመስል አለው። «እሑድ ስታጨበጭቢ ሳይሽ ዓይኔን አላመንኩትም ነበር። አሁን አመንኩት። ውጪልኝ።»

«ምን? ምን ሆነሃል?»

«ውጪልኝ አልኩሽ! ለቤተሰብሽም እንደደረሰኝ ንገሪያቸው!» ወረቀቱን ጨብጦ አደቀቀና እግሯ ሥር ወረወረው። እሱ ራሱ ወደ መቅረጫው ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋው።

ወረቀቱን አንስታ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ዘረጋችው። አንብባ እንደጨረሰች ተመልሳ ወደ በሩ ሮጠች፤ በበሩ አናት ላይ ቀዩ የቀረጻ መብራት በርቷል። ያ መብራት ሲበራ ማንም አያንኳኳም። ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ቆመች። በወንድሟ ተናደደች፣ በራሷ ተናደደች። ከሁሉ ይልቅ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠይቅ እንደዚህ ያለ ነገር ታደርጋለች ብሎ ባመነው ሰውዬ አንጀቷ ተቃጠለ።

* * *

ቤት ገብታ ወንድሟን፣ «ሌባ!» አለችው።

«ለአንድ ጊታር መቺ ብለሽ ነው ወንድምሽን ሌባ የምትዪው?» አሉ እናቷ።

«ለእውነት ብዬ ነው፣ እማዬ!»

ግን ሙሉ እውነቱ ያ አልነበረም። «ስለምወደው ነው» የምትለዋ ቃል ጉሮሮዋ ላይ ቀረች። ልብሷን በአንድ ሻንጣ ጠቅጥቃ አክስቷ ቤት ሄደች። አንድ ነገር ብቻ ያጽናናት ነበር። እሱ ይሞታታል እንጂ እዚያ መጋረጃ ጀርባ አይቀመጥም። በዚህ እርግጠኛ ነበረች።

ስልኩን ስለዘጋባት በማግስቱ እንደ ማዘዣ ያጠፈችውን ወረቀት በድምፅ ባለሙያው ላከችለት። አንዴ የእጅ ጽሑፏን ሲያይ ልቡ ዘለለ፤ ቁጣው ግን ቀደመው። «ከአንድ ቤት ሁለት ደብዳቤ አይበዛብኝም?» አለና ሳይከፍተው የጊታሩ ቦርሳ ውስጥ ወረወረው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ለዘፋኙ ደወለና፣ «እመጣለሁ» ብቻ ብሎ ዘጋው። የፈለገችው ይህን ከሆነ ይሁንላት! ቅዳሜ ሲያልቅ ጊታሩን አንስቶ ከሁለቱም ይገላገላል። እንዲህ እያለ ራሱን ያሳምን ነበር፤ የተናደደ ሰው ራሱን ለመጉዳት የሚያቀርበው ምክንያት አያልቅበትም።

* * *

ሐሙስ ረፋዱ ላይ እናቷ መድኃኒት ቤት ደወሉላት።

«ይኸው አዳራሹ ውስጥ ነኝ» አሉ። «አጃቢሽ እሺ ብሎ መጥቶ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጧል። አንቺ ለማን ብለሽ ነው ቤት ጥለሽ የወጣሽው?»

ስልኩን ሳትዘጋው ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ወጣች። አዳራሹ ድረስ በእግሯ ሄደች። እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ በጎን በር ስትገባ መድረኩ ላይ ወንድሟ የሚያብረቀርቅ፣ ገመዱ የትም ያልተሰካ ጊታር አንግቶ ጣቶቹን ያወናጭፋል። የመጋረጃውን ጥቁር ጨርቅ ገልጣ ዘለቀች። አንዴ አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ከፊቱ ማይክሮፎን ቆሟል።

«ተነስ!» አለችው።

ቀና አለ። «ምነው፣ በደንብ መደበቄን ልታዪ መጣሽ?»

«ተነስ ነው የምልህ!»

«ቤተሰቡ ሁሉ ተስማምቷል ተብዬ እኔም ተስማማሁ። አሁን ደግሞ ምን ጎደለባችሁ?»

«እኔ መቼ ተስማማሁ? ያንን ደብዳቤ ሳላነበው ነው ያመጣሁልህ! ይቅርታ የጻፈልህ መስሎኝ! ይህንኑ ጽፌ ላኩልህ አይደል እንዴ?»

ዓይኑ ወደ ጊታሩ ቦርሳ ሄደ። አየችው።

«አላነበብከውም! ሁለት ዓመት ያንተን ማዘዣ አንድ በአንድ በቃሌ ስይዝ፣ አንተ አንዲት ወረቀት መክፈት አቃተህ?»

«ስታጨበጭቢ አየሁሽ! በዚህ ዓይኔ!»

«አጨበጨብኩ! አዎ! እጄን ቆርጬ ልስጥህ? ከዚያ ወዲህ ግን ከቤቴ ወጥቻለሁ፤ ሦስት ቀኔ ነው አክስቴ ቤት ከገባሁ። አንተስ? እኔ ላንተ ብዬ ከእናቴ ስጣላ፣ አንተ መጥተህ በርጩማ ላይ ቂብ አልክ!»

«አንቺ የምትፈልጊው መስሎኝ ነው!»

«እኔ የምፈልገውን መቼ ጠየቅኸኝ? እናቴን አናግራት ስልህ ይህ አልበም ይለቅ አልክ። ለቀቀ። ሌላው ይለቅ አልክ። እሱም ለቀቀ። አንተ እኮ የራስህን ሲወስዱብህ ዝም ማለት ሙያ መስሎሃል! ዘፈንህን ወሰዱት፣ ዝም። ስምህን ቀበሩት፣ ዝም። ነገ እኔን ለሌላ ሲድሩኝስ? ሠርጌ ላይ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነህ ልታጅብልኝ ነው?»

ይህቺ ገባችው። በርጩማው እስኪገለበጥ ድረስ ዘሎ ተነሳ።

«እወድሻለሁ!» ብሎ ጮኸባት፤ እንደ ስድብ። «ያንን ጊታር ላንቺ ነው የመታሁት! እሱ አይደለም፣ ማንም አይደለም፣ እኔ ነኝ የመታሁት፣ ላንቺ ነው!»

«ላንቺ ነው…» አለ አዳራሹ መልሶ።

ሁለቱም ክው አሉ። ከበሮው ቆሟል፣ ኪቦርዱ ቆሟል። ማይክሮፎኑ ላይ ያለችው ትንሽ አረንጓዴ መብራት በርታለች። ከ«ተነስ» ጀምሮ ያለው ሁሉ በግዙፎቹ ድምፅ ማጉያዎች ወጥቷል። የድምፅ ባለሙያው በኋላ፣ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ መዝጊያውን ፈልጌ አጣሁት» ብሎ ምሏል። ሰውዬው ያንን መሣሪያ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሠራበት ስለሆነ ግን ማንም አላመነውም።

ዘፋኙ ጥቁሩን ጨርቅ በኃይል ገለጠው።

«ከእህቴ ጋር? አንተ?»

«ሁለት ዓመታችን ነው» አለች እሷ። ያቺ ጉሮሮዋ ላይ ቀርታ የነበረች ቃል ያን ሰዓት ሳታስቸግራት ወጣች። «እወደዋለሁ።»

አንዴ ጊታሩን ቦርሳው ውስጥ መክተት ጀመረ።

«አንድ ነገር ስማ!» አለ ዘፋኙ ጣቱን ቀስሮ። «ከዚህ በር ከወጣህ በዚህ ከተማ ያለ ስቱዲዮ በሙሉ ይዘጋብሃል። ለእያንዳንዳቸው ራሴ ነው የምነግራቸው!»

«ማን ብለህ ትነግራቸዋለህ?»

«ምን?»

«ማን እንዳያስገቡ ነው የምትነግራቸው?» አንዴ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኑን አየው፤ ድምፁ አሁን ጸጥ ብሏል፤ ቁጣው ግን ከጩኸቱ ይልቅ ያስፈራ ነበር። «አሥር ዓመት አብረን ሠርተናል። ሙሉ ስሜን ጥራው። አሁን እዚህ ጥራውና ይህን በርጩማ አንስቼ እቀመጣለሁ። ቅዳሜም እመታልሃለሁ፤ ከዚያም በኋላ እስክትጠግብ እመታልሃለሁ። ጥራው!»

ዘፋኙ አፉን ከፈተ። ወደ ከበሮ መቺው ዞረ፤ ከበሮ መቺው ጫማውን ያያል። ወደ ድምፅ ባለሙያው ዞረ፤ እሱም ኮርኒሱን ያያል። አፉን ዘጋ።

ፊት ለፊት ወንበር ላይ የነበሩት እናት ተነሱ። «ልጄ፣ ነይ ወደ ቤት» አሉ።

«አልመጣም፣ እማዬ።»

«ለአጃቢ ብለሽ?»

«ታዲያ የታጀበው ይኸው ቆሟል። እስቲ ምታው በይው።»

እናትየው ልጃቸውን አዩት። የጊታሩ ገመድ እግሩ አጠገብ ተንጠልጥሏል፤ ጣቶቹ አሁንም ክሩ ላይ ናቸው። ተመልሰው ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ የነበረው ቁጣ አልነበረም፤ ኀፍረት ነበር፤ ለእሳቸው አዲስ ነገር።

* * *

ውጭ ፀሐይዋ ዓይን ታጠፋለች። አንዴ እጇን ሊይዝ እጁን ሰደደ። መነጨቀችው።

«እንዳትነካኝ። ተናድጃለሁ።»

«እኔም ተናድጃለሁ።»

«እኔ ባንተ ነው የተናደድኩት!»

«እኔም በኔ ነው» አላት።

ልትስቅ ምንም አልቀራትም፤ ግን እልኋ አሸነፋት። «ነገ ና» አለችው። «ነገም ከተናደድኩ ከነገ ወዲያ ና።» ጋውኗን እያራገበች አስፋልቱን ተሻገረች። ወደኋላ አልዞረችም። እሱ ግን ዛሬ ባትዞርም ነገ የሚሄድበት በር እንዳለው እያሰበ፣ መኪና ጡሩምባ እስኪነፋበት ድረስ መንገዱ ዳር ቆሞ ቀረ።

ዓርብ አክስቷ በሩን ገርበብ አድርገው፣ «ገና ናት» አሉት። ቅዳሜም፣ «ዛሬ እንኳ ትንሽ ብሶባታል» አሉት። ያን ዕለት ዘፋኙ ያለ ጊታር መድረክ ወጣ። መግቢያውን ዘሎ ሊጀምር ሲል ሕዝቡ ዜማውን በአፉ ተቀበለው፤ አዳራሹ በሙሉ የአንዴን ጣቶች አንጎራጎረ ይላሉ በቦታው የነበሩ። አንዴ አልነበረም። ስቱዲዮዎቹም እንደተዛተበት አንድ ሁለቱ በራቸውን ዘጉበት። ሦስተኛው ደወለለት። «እሠራለሁ፤ ስሜ ግን ይጻፋል» አለ አንዴ። ከወዲያ በኩል፣ «እሺ፣ ማን ብለን እንጻፍ?» አሉት።

እሑድ ጠዋት በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። ፊቷ አልተፈታም።

«ከእናትሽ ቤት ነው የመጣሁት» አላት።

«ከየት?»

«በሩን ደወልኩና ወጡ። ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ነገርኳቸው። ጊታር መቺ ነኝ፣ ልጅዎን እወዳለሁ፣ በድብቅ መውደዴ ጥፋቴ ነው አልኳቸው። ግባ አላሉኝም። ግን ቆመው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በሩን ፊቴ ላይ ዘጉት።» እንደዚህ ሲል ከተዋወቁ ጀምሮ አይታው በማታውቀው ኩራት ነበር።

እንባዋ ሳታስበው መጣ። በመዳፏ ጥርግ አደረገችውና በሁለት እጇ ደረቱን ገፋችው።

«ያለ እኔ ማን ሂድ አለህ? ሁለት ዓመት ስለምንህ እንቢ ብለህ፣ አሁን ብቻህን! እኔ እንዳላይ! አንተ ሰውዬ መቼ ነው እኔን ማናደድ የምትተወው?»

«ታዲያ ነገ ልመለስ?»

«ዝም በል!» አለችና ሸሚዙን ጨምድዳ ወደ ውስጥ ጎተተችው። ልቧ እንደዚያ ተናዶም እንደዚያ ተደስቶም አያውቅም ነበር።